ስልክ ያነሳው ሐኪም፦ ወረርሽኙ በአውስትራሊያ ጠቅላላ ሕክምና ላይ ያመጣው ለውጥ

አውስትራሊያ ውስጥ ሰው ሲታመም በቅድሚያ የሚሄደው ሆስፒታል ሳይሆን ሰፈሩ ወዳለው ክሊኒክ፣ ጠቅላላ ሐኪሙ ዘንድ ነው። የደም ግፊትና የስኳር ክትትል፣ የሕፃናት ክትባት፣ የመድኃኒት ማዘዣ፣ ለመሥሪያ ቤት የሚቀርብ የሕመም ፈቃድ፣ ሁሉም በዚህ ሐኪም እጅ ያልፋል። የልብ ወይም የቆዳ ስፔሻሊስት ዘንድ ቀርቦ መንግሥት ወጪውን እንዲጋራ የፈለገም የእሱን የሪፈራል ወረቀት መያዝ አለበት። ክሊኒኮቹ በአብዛኛው የግል ናቸው። ገቢያቸው ግን በእጅጉ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1984 ሥራ በጀመረው በሜዲኬር፣ ማለትም በመንግሥት የጤና መድን ላይ ነው። ሜዲኬር እያንዳንዱን የሕክምና አገልግሎት ቁጥርና ዋጋ ሰጥቶ በዝርዝር አስፍሮታል፤ ሐኪሙ የሠራውን ሥራ ቁጥር ያስገባል፣ ክፍያውም ይለቀቃል። ሐኪሙ መንግሥት በሚከፍለው ብቻ ከረካ ታካሚው ከኪሱ ምንም አያወጣም። ይህን አሠራር አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል፤ የኮቪድ-19 ወረርሽኝ ያመጣው ለውጥ የገባው በዚሁ የዋጋ ዝርዝር በኩል ነውና።

በርቀት ማከም ለአውስትራሊያ እንግዳ ነገር አልነበረም። ጆን ፍሊን የተባለ ቄስ በ1928 በኩዊንስላንዷ የክሎንከሪ ከተማ የበራሪ ሐኪሞችን አገልግሎት ሲያስጀምር፣ በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር የተራራቁት የከብት እርባታ ጣቢያዎች ሐኪሙን የሚጠሩበት መንገድ አልነበራቸውም። አልፍሬድ ትሬገር የተባለ ባለሙያ እንደ ብስክሌት በእግር እየተመታ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ሬዲዮ ሠራላቸው። ከጊዜ በኋላም እያንዳንዱ መድኃኒት ቁጥር የተሰጠው ሣጥን ለየጣቢያው ታደለ። ሐኪሙ በሬዲዮ ስለ ሕመሙ ይጠይቃል፤ ከዚያም መድኃኒቱን በስሙ ሳይሆን በቁጥሩ ያዛል። ማንበብ ብዙም የማይሆንለት ሰው እንኳ ቁጥሩን አይቶ ትክክለኛውን ጠርሙስ ያነሳል። ታዲያ በረሃ ያለ ሰው ከዘጠና ዓመት በፊት ያገኘውን፣ በ2019 ሲድኒ ያለ ሰው ለምን አጣው? መልሱ ቀላል ነው። ከ2011 ጀምሮ ሜዲኬር ራቅ ባሉ ቦታዎች ያሉ ታካሚዎች ከስፔሻሊስት ጋር በቪዲዮ ሲገናኙ ይከፍል ነበር፤ ለተራ የጠቅላላ ሐኪም የስልክ ጥሪ ግን ዝርዝሩ ውስጥ ቁጥር አልነበረም። ስልክ ደውሎ የላቦራቶሪ ውጤት የሚያስረዳ ሐኪም የሚሠራው በነጻ ነበር። ስለዚህ ታካሚው ሁለት ደቂቃ ለማይፈጅ ጉዳይ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ፣ ተራ ጠብቆ በአካል ይቀርብ ነበር።

ይህ በሁለት ተኩል ሳምንት ውስጥ ተገለበጠ። መጋቢት 13 ቀን 2020 በቫይረሱ ለመጎዳት ይበልጥ ለተጋለጡና ራሳቸውን ለለዩ ሰዎች ጊዜያዊ የርቀት ሕክምና ክፍያ ተፈቀደ፤ መጋቢት 30 ደግሞ ለመላው ሕዝብ ተከፈተ። መጀመሪያ ላይ ሐኪሙ ከታካሚው ገንዘብ እንዳይጠይቅ ግዴታ ነበር። በዚያው ሰሞን የኤሌክትሮኒክ ማዘዣው ተፋጠነ፦ ሐኪሙ ከታካሚው ጋር ተነጋግሮ ሲጨርስ በታካሚው ስልክ የኪው አር ኮድ ማስፈንጠሪያ ያለው መልእክት ይደርሳል፤ ፋርማሲው ኮዱን አንብቦ መድኃኒቱን ይሰጣል። በሚያዝያ 2020 ከሦስት የጠቅላላ ሐኪም ምክክሮች አንዱ ያህል በርቀት ይካሄድ ነበር። በታኅሣሥ 2021 መንግሥት አሠራሩ ቋሚ እንደሚሆን ሲያስታውቅ፣ ከ16 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከ86 ሚሊዮን በላይ የርቀት አገልግሎት ማግኘታቸውን ገልጿል።

ከእነዚህ ቁጥሮች በስተጀርባ ብዙ የማይወራለት ነገር አለ። በርቀት ከተሰጠው የጠቅላላ ሐኪም አገልግሎት ከ90 በመቶ በላይ የሆነው በስልክ ነው። ባለሥልጣናቱ የሚያበረታቱት፣ የቴክኖሎጂ ድርጅቶችም የሚያስተዋውቁት ቪዲዮ ነበር፤ ሐኪሙና ታካሚው ግን ስልኩን መረጡ። ይህን የኋላ ቀርነት ምልክት አድርገው የሚያዩት አሉ። እኔ ግን በተቃራኒው አየዋለሁ። ሐኪሙ ታካሚውን ለዓመታት ካወቀው ድምፁ ብቻ ብዙ ይነግረዋል፦ ትንፋሹ ማጠሩን፣ ከወትሮው መድከሙን፣ የሆነ ነገር መሸሸጉን። መዝገቡ ፊቱ ተከፍቷል፣ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ያውቃል። የጎደለው መረጃ ትንሽ ስለሆነ ስልክ ይበቃዋል። ወረርሽኙ ያሳየውም ይኸው ነው፤ የርቀት ሕክምናን የሚያጸናው የመሣሪያው ረቂቅነት ሳይሆን ቀድሞ የነበረው ትውውቅ ነው።

መንግሥትም ይህን በፍጥነት ተገነዘበ። ክፍያው እንደተከፈተ፣ ክሊኒክ የሌላቸው በስልክ ብቻ የሚሠሩ ድርጅቶች ብቅ ማለት ጀመሩ። ከሐምሌ 20 ቀን 2020 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ደንብ፣ አብዛኛው ታካሚ በርቀት ለመታከም ባለፉት 12 ወራት ውስጥ ያንኑ ሐኪም ወይም ያንኑ ክሊኒክ ቢያንስ አንድ ጊዜ በአካል ቀርቦ ማየት ነበረበት። ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናትና ቤት የሌላቸው ሰዎች ከደንቡ ነጻ ሆኑ፤ እገዳ የተጣለባቸው አካባቢዎችም እንዲሁ። በእኔ እይታ በወረርሽኙ ዘመን ከወጡት ውሳኔዎች ሁሉ ብልሁ ይህ ነው፤ ስልኩን የክሊኒኩ ተቀጥላ አደረገው እንጂ ተተኪው አላደረገውም።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ግልጽ ነው፤ ሆድ በስልክ አይዳሰስም፣ ሳንባ በስልክ አይደመጥም፣ ጡት ላይ ያለ እብጠት በወሬ አይለይም። እውነት ነው፤ ስልክ ላይ የቀረ ምርመራ የዘገየ ሕክምና ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በ2020 ታካሚው የነበረው ምርጫ በስልክና በአካል መካከል ብቻ አልነበረም፤ ፈርቶ ጭራሽ ሐኪም ሳያይ መቅረትም ነበር። ስልኩ ያን ክፍተት ሞልቷል፤ ታካሚው «አሁኑኑ ና» የሚለውን ትእዛዝ የሰማውም በእሱ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነው ደግሞ ስጋቱን ያቀለዋል። የርቀት ምክክር ድርሻ ወርዶ ከአምስት አንድ ገደማ ላይ ረጋ፤ አራቱ ዛሬም በአካል ነው። ሐኪምና ታካሚ ምርጫ ሲሰጣቸው ለየትኛው ጉዳይ የትኛው መንገድ እንደሚስማማ ለይተዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ እኛን ኢትዮጵያውያንን በቀጥታ ይመለከታል፤ ስልክ ሁሉንም እኩል አያገለግልም የሚል ነው። ሐምሌ 4 ቀን 2020 የቪክቶሪያ መንግሥት በሜልቦርን ፍሌሚንግተንና ኖርዝ ሜልቦርን 3,000 ያህል ሰዎች የሚኖሩባቸውን ዘጠኝ የመንግሥት ፎቆች በቫይረሱ ምክንያት ያለ ማስጠንቀቂያ ዘጋ። ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ የአፍሪካ ቀንድ ተወላጆች ነበሩ፤ ኢትዮጵያውያንም ነበሩባቸው። የግዛቲቱ እንባ ጠባቂ በዚያው ዓመት ባወጣው ሪፖርት በአንዱ ፎቅ ላይ የተወሰደው ድንገተኛ እርምጃ ከሰብአዊ መብት ሕጉ ጋር እንደማይጣጣም ገልጿል። እንዲህ ባለው ጊዜ ስልክ ብቻውን ብዙም አይፈይድም፤ የታዘዘው መድኃኒት በር ድረስ የሚያደርሰው ካላገኘ ማዘዣው ባዶ ነው። ቋንቋም አለ። አገሪቱ አማርኛን ጨምሮ በበርካታ ቋንቋዎች የሚሠራ የስልክ አስተርጓሚ አገልግሎት ስላላት ሐኪም፣ ታካሚና አስተርጓሚ በአንድ መስመር መገናኘት ይችላሉ። ሆኖም «እዚህ ጋ ይወጋኛል» የሚል ሰው በእጁ የሚያሳየውን «እዚህ» አስተርጓሚው አያየውም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ግን በጠባብ ቤት ልጆችና ዘመድ እየሰሙ ስለ ጭንቀት ወይም ስለ ማሕፀን ሕመም ማን በግልጽ ያወራል? ስለዚህ ለእነዚህ ታካሚዎች በአካል የመቅረቡ ዕድል ክፍት መሆን አለበት፤ ስልኩ ሲታከልበት እንጂ ሲተካው አይጠቅምም።

ሦስተኛው ስለ ገንዘብ ነው፤ ክፍያ ካለ ያላግባብ የሚጠቀም አይጠፋም። መጠይቅ አስሞልተው ከታካሚው ጋር ሳይነጋገሩ ማዘዣ የሚልኩ ድረ ገጾች ታይተዋል። የአገሪቱ የሕክምና ቦርድ ከመስከረም 2023 ጀምሮ ይህ መልካም የሕክምና ሥነ ምግባር አለመሆኑን በመመሪያው አስፍሯል። ከጥቅምት 2022 አንሥቶም በ12 ወራት ውስጥ 20 ቀን ወይም ከዚያ በላይ፣ በቀን 30 እና ከዚያ በላይ ታካሚ በስልክ ያስተናገደ ሐኪም ለምርመራ ይቀርባል። ተሰርዞ የነበረው የረጅም ስልክ ምክክር ክፍያ በኅዳር 2023 ሲመለስ ደግሞ የተፈቀደው ማይሜዲኬር በተባለው የምዝገባ ሥርዓት አማካይነት አንድ ክሊኒክ መርጠው ለተመዘገቡ ታካሚዎች ነው። ደንቦቹ በተለያየ ጊዜ፣ በተለያየ ምክንያት ቢወጡም አቅጣጫቸው አንድ ነው፤ ስልኩን ወደሚያውቅህ ሐኪም ይመልሱታል።

ከዚህ ሌላ አገር የሚወስደው ትምህርት ካለ መተግበሪያ የመግዛት ትምህርት አይደለም። አውስትራሊያ በሁለት ተኩል ሳምንት ውስጥ ሕክምናዋን ስልክ ላይ ማውጣት የቻለችው፣ በየሰፈሩ ክሊኒክ፣ በየክሊኒኩ የተደራጀ መዝገብ፣ በየመዝገቡም ሐኪሙ የሚያውቀው ሰው ስለነበራት ነው። እነዚህ ባሉበት፣ ተራው ስልክ በክፍያ ዝርዝር ላይ በተጨመረ አንድ ቁጥር ሐኪም ቤት ይሆናል። በሌሉበት ግን ከወዲያኛው ጫፍ የሚመልሰው እንግዳ ሰው ነው፤ እንግዳ ሐኪም ደግሞ ከሁሉ በፊት ታካሚውን በአካል ማየት ያስፈልገዋል።