በአየር ላይ የሚንቀሳቀስ እጅ ሳይንስ ያስተምራል?

የቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽር ያጠለቀ ተማሪ ሁለት ጣቶቹን ሲገጥም ከፊቱ የተንሳፈፈውን ሞለኪውል ይይዛል፤ እጁን ሲያዞር ሞለኪውሉም አብሮት ይዞራል። ማየቱ ደስ ይላል። ተመራማሪዎችን ለዓመታት ሲያከራክር የቆየው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ እንቅስቃሴው ትምህርቱን ያስጨብጣል ወይስ ያዝናናል ብቻ?

ነገሩ የጀመረው ከጓንት ነው። የካሊፎርኒያው ቪፒኤል ሪሰርች በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለገበያ ያቀረበው ዳታግላቭ በጣቶቹ ላይ የፋይበር ኦፕቲክ ገመድ ተዘርግቶበት ነበር። ጣት ሲታጠፍ በገመዱ ውስጥ የሚያልፈው ብርሃን ይቀንሳል፤ ኮምፒውተሩም ከዚያ ተነስቶ የእጥፋቱን መጠን ያሰላል። ዋጋው በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ስለነበር ለተራ ትምህርት ቤት የሚቀመስ አልነበረም። በ2013 ሊፕ ሞሽን የተባለው መሣሪያ ጓንቱን በኢንፍራሬድ ካሜራ ተካው፤ ከ2019 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ኦኩለስ ክዌስት የተባለው መነጽር በራሱ ካሜራዎች ባዶ እጅን መከታተል ጀመረ።

እኔን የሚቆረቁረኝ በመንገድ ላይ የቀረው ነገር ነው። በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ፍሬድ ብሩክስ በ1967 የጀመሩት ግሮፕ የተባለው ፕሮጀክት ኬሚስቶችን ሜካኒካል ክንድ አስይዟቸው ነበር። የመድኃኒት ሞለኪውልን ከፕሮቲን ጋር ሲያገጣጥሙ መሳሳቡና መገፋፋቱ በእጃቸው ይሰማቸዋል። ካሜራው እጅን ነጻ አወጣው፤ ኃይሉን ግን ነጠቀው። ዛሬ ሁለት ተመሳሳይ የኤሌክትሪክ ቻርጆችን የሚያቀራርብ ተማሪ ኃይሉን የሚያሳየው ቀስት ሲረዝም ያያል እንጂ ግፊቱ አይሰማውም።

ያም ሆኖ እንቅስቃሴ በራሱ ዋጋ ቢስ አይደለም። ሱዛን ጎልዲን-ሜዶውና ባልደረቦቿ በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ 3+2+8=__+8 የመሰለ ሒሳብ የሚማሩ ልጆች የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቁጥሮች በሁለት ጣት፣ ባዶውን ቦታ በአንድ ጣት እንዲያመለክቱ ተደረገ። ይህን ያደረጉት የእጅ ምልክት ካላደረጉት የበለጠ ተማሩ። ሁለቱ ጣቶች የሚደመሩትን ቁጥሮች ስላሰባሰቡ ምልክቱ የስሌቱን ሐሳብ ይዟል።

እኔም የእጅ እንቅስቃሴን የምለካው ሐሳቡን በመያዙ ነው። ጣት ገጥሞ «ቀጥል» የሚለውን ቁልፍ መንካት ከማውዝ ክሊክ አይለይም። ሁለቱን ቻርጆች በሁለት እጅ ይዞ ርቀቱን እጥፍ ሲያደርግ ኃይሉ ወደ ሩብ መውረዱን የሚመለከት ተማሪ ግን ሕጉን በክንዱ እየለካ ነው። መነጽሩ ብቻውን አይበቃም፤ ጊዶ ማክራንስኪና ባልደረቦቹ በ2019 ባሳተሙት ጥናት፣ በመነጽር የተማሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በስፍራው ያሉ ያህል ቢሰማቸውም በተራ ስክሪን ከተማሩት ያነሰ ነበር የተማሩት። ጥናቱ የእጅ ምልክትን አልፈተነም፤ መደመም ግን መማር እንዳልሆነ በግልጽ አሳይቷል። ካሜራው የነጠቀውን ግፊት ለእጅ የሚመልሱ ጓንቶችም ዛሬ አሉ፤ ዋጋቸው ገና ከመነጽሩ ይበልጣል።