የአኗኗር ለውጥና የነገው የካንሰር ጫና

ካንሰር በአንድ ጀንበር የሚከሠት በሽታ አይደለም። የሰውነት ሕዋሳት የመራባት ሥርዓታቸው ተዛብቶ፣ ያለ ገደብ በመብዛት አደገኛ ዕጢ እስኪሆኑ ድረስ ብዙውን ጊዜ በርካታ ዓመታት ያልፋሉ። በመሆኑም በአንድ ሕዝብ መካከል ዛሬ የሚታየው የካንሰር መጠን በከፊል የትናንት አኗኗር ውጤት ሲሆን፣ የነገው መጠን ደግሞ ዛሬ በሚወሰደው እርምጃ ላይ የተመሠረተ ይሆናል።

ለዚህ ዋነኛ ማስረጃ የሚሆነው ትምባሆ ነው። ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል የተባሉ እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች ሲጋራ ማጨስና የሳንባ ካንሰር የተያያዙ መሆናቸውን እ.ኤ.አ. በ1950 ካሳወቁ በኋላ፣ በ1951 በአገራቸው ሐኪሞች ላይ የረጅም ጊዜ ጥናት ጀመሩ። የ50 ዓመቱ ውጤት በ2004 ሲታተም፣ ማጨስን ያላቋረጡት ሐኪሞች ከማያጨሱት ጋር ሲነጻጸሩ በአማካይ 10 ዓመት ያህል ዕድሜ ማጣታቸው ታወቀ። በ60 ዓመታቸው ያቆሙት 3፣ በ50 ያቆሙት 6፣ በ40 ያቆሙት 9 ዓመት ያህል አትርፈዋል። በ30 ዓመታቸው ያቆሙት ግን ጉዳቱን ከሞላ ጎደል አስቀርተዋል።

ለዕቅድ አውጪዎች ሌላም ትምህርት አለ። በአሜሪካ ስለ ሲጋራ ጎጂነት ይፋ የሆነ የመንግሥት ሪፖርት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1964 ሲሆን፣ በወንዶች ላይ በሳንባ ካንሰር ሳቢያ የሚደርሰው ሞት መቀነስ የጀመረው ግን ከ1990 ወዲህ ነው። ውጤቱን በአምስት ዓመት ውስጥ የሚፈልግ ዕቅድ የተሳካውን ሥራ እንዳልተሳካ ሊቈጥረው ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት ከካንሰር ሕመሞች መካከል ከ30 እስከ 50 ከመቶ የሚሆኑትን መከላከል እንደሚቻል ይገምታል። ከትምባሆ መራቅ፣ የአልኮል መጠጥን መተው ወይም መቀነስ፣ ሰውነትን ማንቀሳቀስና ከልክ ያለፈ ውፍረትን መከላከል ዋና ዋናዎቹ መንገዶች ናቸው። ይሁን እንጂ ሁሉም ካንሰር ከአኗኗር የሚመጣ ባለመሆኑ፣ ትምህርቱ ታማሚውን የሚያስወቅስ መሆን የለበትም።

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፣ ትምባሆ የሚጠቀሙት ከአዋቂዎች 5 ከመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ መሸጥን ከልክሏል። አዋጁ ግን ብቻውን ልማድን አይቀርጽም። አብዛኞቹ አጫሾች ማጨስ የሚጀምሩት በወጣትነታቸው በመሆኑ፣ ልማዱ ሥር ሳይሰድ ሊደርስላቸው የሚችለው መምህር ነው። በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ስለ ሳንባ የሚሰጠው ማብራሪያም ሆነ መምህሩ ራሱ ሲጋራ አለመያዙ፣ ዛሬ ክፍል ውስጥ የተቀመጠው ተማሪ ከአርባ ዓመት በኋላ በሆስፒታል አልጋ ላይ እንዳይገኝ የሚያግዝ ሥራ ነው።