ትልቁ ትንሹን ይውጠዋል ወይ?
ዲዝኒና ፒክሳር አንድ ሲሆኑ የካርቱን ወዳጆች የፈሩትና ለጥንዶች የሚነግረን ነገር

የዋልት ዲዝኒ ኩባንያ ፒክሳር የተባለውን የካርቱን ፊልም ስቱዲዮ በ7.4 ቢሊዮን ዶላር ለመጠቅለል መስማማቱን ያስታወቀው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 24 ቀን 2006 ነው። ክፍያው በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በአክሲዮን ነበር፤ ውህደቱም በዚያው ዓመት በሜይ ወር ተፈጸመ። ስለ ገንዘቡ የንግድ ጋዜጦች በሚገባ ጽፈዋል። እኔን የሳበኝ ግን የፊልሞቹ ወዳጆች ያሳዩት ስሜት ነው። አብዛኞቹ አንዲት አክሲዮን የሌላቸው ሰዎች ናቸው፤ ሆኖም አንዳንዱ ሠርግ እንደ ተጠራ ሰው ደስ አለው፣ አንዳንዱም ለቅሶ እንደ ደረሰ ሰው አዘነ። የሁሉም ጥያቄ ግን አንድ ነበር፤ ትልቁ ትንሹን ይውጠዋል ወይ?

ውድ አንባቢያን፣ «በአሜሪካ ካርቱን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን በቅድመ ጋብቻ ትምህርት ላይ የሚቀመጡ እጮኛሞች፣ በተለይም እኅቶች፣ ቃሉን ቀየር አድርገው የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። «ከተጋባን በኋላ እኔ እኔ ሆኜ እቀራለሁ?» ይላሉ። ስለዚህ ነገሩን ከመሠረቱ ማየት ይጠቅማል።

የቆየ ኪዳን፣ የቆየ ቅሬታ

ሁለቱ ቤቶች ለመጀመሪያ ጊዜ የተዋዋሉት በ1991 ነበር። ፒክሳር ይሠራል፣ ዲዝኒ ያከፋፍላል። በ1995 የወጣው ቶይ ስቶሪ ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር የተሠራ የመጀመሪያው ረጅም የካርቱን ፊልም ሆነ። ከዚያ የጉንዳኖቹ፣ የጭራቆቹ፣ በ2003 ደግሞ ልጁን ፍለጋ ባሕር ያቋረጠው የዓሣ አባት ታሪክ መጣ። ኒሞን የእኛም ልጆች በሲዲ እየደጋገሙ አይተውታል።

ችግሩ ውሉ ላይ ነበር። ፊልሞቹን የወለደው ፒክሳር ቢሆንም በገጸ ባሕርያቱ ላይ መብት የነበረው ዲዝኒ ነው፤ ተከታታይ ፊልም ለመሥራትም ይችል ነበር። በጃንዋሪ 2004 የፒክሳሩ ስቲቭ ጆብስ ከዲዝኒው አለቃ ከማይክል አይዝነር ጋር የነበረውን ድርድር አቋረጠ። ዲዝኒም ሦስተኛውን ቶይ ስቶሪ ያለ ፒክሳር የሚሠራ ሰርክል ሰቨን የተባለ ስቱዲዮ አቋቋመ። ይህንን የሰሙ የፊልሞቹ ወዳጆች ምን እንደ ተሰማቸው ለመረዳት በ1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 3 በሰሎሞን ፊት የቆሙትን ሁለት ሴቶች ማሰብ ይበቃል። ልጁ የማን ነው? በወረቀት የያዘው ነው ወይስ አምጦ የወለደው?

ፍርሃታቸው ከንቱ አልነበረም። ዲዝኒ ከ1994 ጀምሮ በቀደሙት ታላላቅ ፊልሞቹ ስም በአነስተኛ ወጪ የተሠሩ ክፍል ሁለቶችን በቀጥታ ወደ ቪዲዮ ገበያ ያወጣ ነበር። አላዲን፣ ሲንደሬላ፣ ባምቢ፣ ምን የቀረ አለ! እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ ይህንን ያየ ሰው «ነገ ኒሞንም እንዲሁ ያደርጉታል» ቢል አይፈረድበትም።

በዲዝኒ ቤት ውስጥም ሰላም አልነበረም። የዋልት ዲዝኒ የወንድም ልጅ ሮይ ዲዝኒ በኖቬምበር 2003 ከቦርዱ ለቅቆ «ዲዝኒን አድኑ» የሚል ዘመቻ አስነሣ። በማርች 2004 በተደረገው የባለ አክሲዮኖች ስብሰባ 43 በመቶ የሚሆነው ድምፅ ለአይዝነር ተነፈገ። በ2005 አይዝነር ሄደና ቦብ አይገር ተተካ።

የአሜሪካ ወንጌላውያንም በዚህ ቤት ላይ የራሳቸው ቅሬታ ነበራቸው። በዚያ አገር ትልቁ የፕሮቴስታንት ኅብረት የሆነው የደቡብ ባፕቲስቶች ጉባኤ ኩባንያው ከክርስቲያናዊ የቤተሰብ እሴት ርቋል በማለት በ1997 አባላቱ ከዲዝኒ ምርቶች እንዲታቀቡ ወስኖ ነበር። እገዳው የተነሣው በጁን 2005 ነው። አከፋፋዩ ዲዝኒ ስለ ነበር፣ ውሳኔውን በጥብቅ የያዙ ወላጆች ከፒክሳር ፊልሞችም መታቀብ ነበረባቸው። እገዳው ከተነሣ ከሰባት ወር በኋላ የውህደቱ ዜና መጣ። (የእገዳው ጥቅምና ጉዳት ራሱን የቻለ ርዕስ ስለሆነ ለሌላ ጊዜ ይቆየን።)

ሦስት ዓይነት ወዳጆች

ዜናው ሲነገር ወዳጆቹ በአንድ ድምፅ አልተናገሩም። የፒክሳር አፍቃሪዎች አብዛኛው ፍርሃታቸው መዋጥ ነበር። ሌሎች ግን በእፎይታ ተነፈሱ፤ ምክንያቱም ሰርክል ሰቨን ስለ ተዘጋ ቶይ ስቶሪ ወደ ወለዱት እጆች ተመለሰ። ሦስተኛዎቹ፣ በእጅ የሚሳለውን የቀድሞውን የዲዝኒ ካርቱን የሚወዱት፣ ሐዘናቸው ከሁሉም የከፋ ነበር። ዲዝኒ በ2004 መጀመሪያ የኦርላንዶውን የካርቱን ስቱዲዮውን ዘግቶ ነበርና፣ አሁን ደግሞ የኮምፒውተር ሰዎች ቤቱን ሲረከቡ የእጅ ሥዕል ለዘላለም የሚቀበር መሰላቸው። ልብ በሉ፤ እነዚህ የፈሩት ትልቁ መዋጡን ሳይሆን ትንሹ ትልቁን መለወጡን ነው። በትዳርም እንዲህ ነው። እርስዋ የእርሱ ቤተሰብ እንዳይውጣት ስትፈራ እናቱ ደግሞ «ልጄን ልትቀይርብኝ ነው» ብላ ታለቅሳለች።

አስቀድሞ የተጻፈው

በዚህ ታሪክ እጅግ የወደድኩት ክፍል ይህ ነው። ከፊርማው በፊት ሁለቱ ወገኖች በፒክሳር የማይነኩትን ነገሮች በዝርዝር ጻፉ። ከሃምሳ በላይ ነጥቦች ነበሩት። ታላላቅ ነገሮች ብቻ አይደሉም፤ ሠራተኛው የሥራ ክፍሉን እንደ ፈለገ ማስጌጡ፣ በየዓመቱ የሚያደርጉት የወረቀት አውሮፕላን ውድድር ሳይቀር ተጽፏል። ስቱዲዮው በካሊፎርኒያ ኤመሪቪል በራሱ ስም ይቀጥል ተባለ። ይባስ ብሎ፣ የፒክሳሮቹ ኤድ ካትሙልና ጆን ላሴተር የዲዝኒን የካርቱን ክፍልም እንዲመሩ ተደረገ። የገዛው ሰው የተገዛውን በቤቱ ላይ ሾመ ማለት ነው!

ወገኖቼ፣ አንዳንድ እጮኛሞች ስለ ቬሎ፣ ስለ አዳራሽና ስለ ሚዜ ወራት ይመክራሉ። ደመወዝ በማን እጅ እንደሚሆን፣ የፋሲካ ዕለት የትኛው ቤት እንደሚሄዱ፣ እርስዋ የምታገለግልበትን መዘምራን ትቀጥል እንደ ሆነ ግን «ጌታ ያውቃል» ተብሎ ይታለፋል። ጌታ ያውቃል፤ እነርሱ ግን አያውቁም። ሁለቱ አንድ ሥጋ ይሆናሉ የሚለው ቃል (ዘፍ. 2፥24) አንዱ ይጠፋል የሚል ትርጉም የለውም። ትንሽዋን የወረቀት አውሮፕላን ስም ጠርቶ መጻፍ ፍቅርን የሚያሳንስ የሚመስለው ሰው ካለ እኔ አልስማማም።

ሌላም አለ። አይገር በ2019 ባሳተመው መጽሐፉ እንደ ተረከው፣ ዜናው ሊነገር ግማሽ ሰዓት ያህል ሲቀረው ጆብስ ለብቻው ወስዶት ካንሰሩ እንደ ተመለሰበት ነገረው፤ ስምምነቱን ለመተው ከፈለገም ዕድል ሰጠው። አይገር አልተወም። በምክር አገልግሎት ላይ ያላችሁ ሁሉ ይህች ግማሽ ሰዓት ምን ያህል ውድ እንደ ሆነች ታውቃላችሁ። ለስንት ሰው እውነቱ የተነገረው ከሠርጉ በኋላ ነው?

ከዚያስ ምን ሆነ?

በ2007 እነዚያ በቀጥታ ወደ ቪዲዮ የሚወጡ ክፍል ሁለቶችና ሦስቶች እንዲቆሙ ተወሰነ። የእጅ ሥዕል ወዳጆችን ያስደነቀው ደግሞ፣ የኮምፒውተሩ ሰዎች ራሳቸው የቀድሞዎቹን ሠዓልያን ጠርተው በ2009 ስለ ልዕልትና ስለ እንቁራሪት የሚተርክ በእጅ የተሳለ ፊልም ማሠራታቸው ነው። የሚያሳዝነው፣ ያ መመለስ ብዙ አልቆየም፤ የዲዝኒ ትልቁ ስኬት በ2013 የመጣው በኮምፒውተር በተሠራው ፍሮዝን ነው። ሦስተኛው ቶይ ስቶሪ በ2010 ወጥቶ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። በ2011 የመጣው ሁለተኛው የመኪኖች ፊልም ግን ብዙ ሐያስያን አልወደዱትም፤ የፈሩት ወዳጆችም «ብለን አልነበረም?» አሉ። ላሴተር በሠራተኞች ላይ ባሳየው ተገቢ ያልሆነ ቅርበት በ2017 ከሥራ ገለል ብሎ በ2018 መጨረሻ ተሰናበተ። ያንን ዝርዝር ያዘጋጁት ሰዎች እንዲህ ያለውን ነገር አልጻፉትም ነበር።

ከ2020 እስከ 2022 ሦስት የፒክሳር ፊልሞች በአሜሪካ ሲኒማ ቤት ሳይገቡ በቀጥታ በኢንተርኔት ለቤት ተመልካች ሲለቀቁ ያው የድሮው ጥያቄ እንደ ገና ተነሣ። በ2024 ደግሞ ስቱዲዮው 14 በመቶ የሚሆኑ ሠራተኞቹን ቀነሰ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የወጣው ሁለተኛው ኢንሳይድ አውት ከ1.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ወዳጆቹ ዛሬም ይከራከራሉ። ስቱዲዮው ግን እስከ ዛሬ በኤመሪቪል ነው፤ ስሙም ፒክሳር ነው።