ኢንተርኔት በሌለበት ሰርቨር መጫን

ከእንጦጦ ጀርባ ያለችው ሱሉልታ፣ በአምቦ መንገድ ላይ ያለችው ቡራዩና በጅማ መንገድ ላይ ያለችው ሰበታ ሦስቱም ለአዲስ አበባ የቅርብ ጎረቤት ናቸው። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲቋረጥ ግን ቅርበቱ የጠቀመው ነገር አልነበረም። ያኔ አገልግሎት ሰጪው ኢትዮ ቴሌኮም ብቻ ነበር፤ መስመሩ ሙሉ በሙሉ እስኪመለስም ሳምንታት አልፈዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰርቨር መትከል የግድ የሆነበት ባለሙያ ያለው አማራጭ ዲስክ ነው።

ሰርቨር ለሌሎች ኮምፒውተሮች ፋይል፣ ዳታቤዝ ወይም ሌላ አገልግሎት የሚያቀርብ ማሽን ነው። ብዙዎቹ ሰርቨሮች የሚሠሩት ሊኑክስን በመሰሉ የዩኒክስ ቤተሰብ ሥርዓቶች ነው። በእነዚህ ሥርዓቶች ሶፍትዌር የሚመጣው በፓኬጅ ነው። ፓኬጅ የፕሮግራሙን ፋይሎች ይይዛል፤ ከዚያም በተጨማሪ ስሙን፣ የስሪት ቁጥሩንና እንዲሠራ የግድ የሚያስፈልጉትን ሌሎች ፓኬጆች ይዘረዝራል። ይህ የመጨረሻው ጥገኝነት ይባላል። የዳታቤዝ ፓኬጅ የምስጠራ ፓኬጅ ይፈልጋል፤ ያም በተራው ሌላ ይፈልጋል።

ደቢያን በተባለው የሊኑክስ ዓይነት ሥራው ለሁለት ተከፍሏል። ዲፒኬጂ አንድ ፓኬጅ ፈትቶ በቦታው ያስቀምጣል፤ የጎደለ ካለ ግን ሄዶ አያመጣም። ሰንሰለቱን ተከትሎ የጎደለውን የሚያሟላው አፕት ነው። አፕት ለዚህ የሚያስፈልገው የፓኬጆች ማውጫ ብቻ ነው፤ ማውጫው ከኢንተርኔት ቢመጣም ከዲስክ ቢነበብም አሠራሩ ያው ነው። አፕት-ሲዲሮም የሚባለው ትእዛዝ የዲስኩን ማውጫ አንብቦ ስሙን በምንጮች ዝርዝር ላይ ይጽፋል። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ፓኬጁ ያለበትን ዲስክ በስሙ ጠርቶ «አስገባ» ይላል።

አንድ ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ስለሚይዝ ለደቢያን ሙሉ ስብስብ አንዱ አይበቃም። አዘጋጆቹ ግን ዲስኮቹን የሚሞሉት ተጠቃሚዎች አዘውትረው የሚጭኗቸውን በማስቀደም ነው፤ ለተራ የቢሮ ሰርቨር የመጀመሪያው ዲስክ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። የዲስክ ማጫወቻ የሌለው አዲስ ማሽን ከሆነም የዲስኩን ምስል በፍላሽ ይዞ መምጣት ይቻላል።

አንድ ትንሽ ወጥመድ አለ። የዲስኩ ስም ከምንጮች ዝርዝር ካልተነሳ ከወራት በኋላም ማሽኑ ያንኑ ዲስክ ይጠይቃል፤ ዲስኩ ደግሞ የት እንዳለ የሚያስታውስ አይገኝም። በዝርዝሩ ውስጥ ዲስኩ ከተጻፈበት መስመር ፊት የመሰላል ምልክት (#) ማድረግ ይበቃዋል።

ትልቁ ችግር የጊዜ ነው። ዲስክ የተዘጋጀበትን ቀን እንዳለ ይዞ ይቆያል። ደቢያን 7 እ.ኤ.አ. በግንቦት 2013 ሲወጣ የያዘው ኦፕንኤስኤስኤል የተባለው የምስጠራ ፓኬጅ ስሪት፣ በሚያዝያ 2014 ሃርትብሊድ ተብሎ የታወቀው ቀዳዳ ነበረበት። በቀዳዳው በኩል ሩቅ ያለ ሰው ከሰርቨሩ ማህደረ ትውስታ የይለፍ ቃልና የምስጠራ ቁልፍ ጭምር ማንበብ ይችል ነበር። ቀዳዳው ወዲያው ተደፈነ፤ በ2013 የተቀረጸው ዲስክ ግን ዛሬም የሚጭነው ያንኑ ነው። (የሚገርመው፣ ከእሱ ቀደም ያለው ደቢያን 6 የያዘው የቆየ ስሪት ቀዳዳው አልነበረበትም።)

ማስተካከያውንም ቢሆን በእጅ ማድረስ ይቻላል። መስመር ካለበት ቦታ የደኅንነት ፓኬጆቹን ከነማውጫቸው በፍላሽ ቀድቶ መውሰድ ነው። ማውጫው በደቢያን ቁልፍ ስለተፈረመ፣ ፍላሹ በማንም እጅ ቢያልፍ አፕት ፊርማውን አይቶ የተነካካውን ይለያል። የዲስክ ምስልም ሲወርድ አብሮት የሚታተም ማረጋገጫ ቁጥር አለው፤ ከሰው ወደ ሰው ሲገለበጥ የሚዘለለው ይህ ማመሳከር ነው።

በዚህ ሁሉ ሲመዘን ከዲስክ መጫን አስተማማኝ ዘዴ ነው፤ ጥፋቱ ዲስኩን የመጨረሻ ምንጭ አድርጎ መተው ነው። ማስተካከያውም ሳይዘገይ መድረስ አለበት፤ የደኅንነት ማውጫው የማብቂያ ቀን ስላለው፣ ፍላሹ ዘግይቶ ከደረሰ አፕት አልቀበልም ይላል።