ነቀርሳን ለጉዞ የሚያስነሡት ፕሮቲኖች

የሰው አካል ስፍር ቁጥር ከሌላቸው ሕዋሳት የታነጸ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ሕዋስ መቼ እንዲባዛ፣ መቼ እንዲያርፍ፣ መቼ ከቦታው እንዲነሣና መቼ እንዲሞት የሚያዙት በዐይን የማይታዩ ፕሮቲኖች ናቸው። ከእነዚህም አንዳንዶቹ ከአንዱ ሕዋስ ወጥተው ወደ ሌላው መልእክት ያደርሳሉ፤ አንዳንዶቹ በሕዋሱ ገጽ ላይ ቆመው መልእክቱን ይቀበላሉ፤ የቀሩት ደግሞ በውስጥ ሆነው እየተቀባበሉ እስከ ሕዋሱ አስኳል ድረስ ያዘልቁታል። መልእክት አስተላላፊ ፕሮቲኖች የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ተግባራቸው በጤና ጊዜ ሕይወትን ማጽናት ቢሆንም፣ ነቀርሳ ባደረበት አካል ውስጥ ግን ደዌው ከተወለደበት ስፍራ ተነሥቶ ወደ ሳንባ፣ ወደ ጉበትና ወደ አጥንት የሚዘልቀው በእነርሱው መሪነት ነው፤ በነቀርሳ ከሚሞቱትም ሰዎች የሚበዙትን ለሞት የሚያበቃቸው የመጀመሪያው ዕጢ ሳይሆን ይህ ስርጭት ነው።

በፎገራ ሜዳ ሩዝ በሚታጨድበት ወራት ማጭድ ጣቱን የቆረጠው ገበሬ የእነዚህን ፕሮቲኖች በጎ ሥራ በገዛ እጁ ላይ ያየዋል። ደሙ ሲረጋ በቁስሉ ላይ የተከማቹት ሕዋሳት የዕድገት ፕሮቲኖችን ያፈልቃሉ፤ በቁስሉ ዳርና ዳር ያሉትም የቆዳ ሕዋሳት ይህን መልእክት በተቀበሉ ጊዜ፣ ከጎረቤቶቻቸው ጋር የተያያዙበትን ማሰሪያ አላልተው ወደ ተከፈተው ስፍራ እየተሳቡ ይሄዳሉ፣ ከወዲህና ከወዲያ መጥተው ሲገናኙም ጉዟቸውን ገትተው ዳግመኛ ይያያዛሉ። ቁስሉም ይሽራል። የነቀርሳ ሕዋስ ከዚህ የተለየ አዲስ ጥበብ የለውም፤ የሚሰማው ያንኑ የመነሣት ትእዛዝ ሲሆን፣ ያጣው የመቆሙን ትእዛዝ ነው።

የአንዱን ሕዋስ ርምጃ ቀረብ ብሎ ለተመለከተው ነገሩ ድንቅ ነው። ጤነኛ የጡት ሕዋሳት ኢ-ካድሄሪን በተባለ ፕሮቲን እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ይኖራሉ፤ በብዙ የነቀርሳ ዓይነት ግን ይህ ፕሮቲን ይመነምንና ሕዋሱ ከማኅበሩ ይለያል። ከዚያም ስታንሊ ኮኸን ያገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1986 ከሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒ ጋር የኖቤልን ሽልማት ካስገኙለት ግኝቶች አንዱ የሆነው የዕድገት ፕሮቲን፣ በሕዋሱ ገጽ ላይ ከቆመው ተቀባይ ጋር ሲገናኝ፣ በውስጥ ራክ የተባለው ፕሮቲን ይነቃል። አለን ሆልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1992 እንዳስረዱት፣ ራክ በነቃበት ወገን አክቲን የተባለው ክር እየተሠራ የሕዋሱን ጠርዝ ወደ ፊት ይገፋዋል፤ ሮ የተባለው ወንድሙ ደግሞ እነዚያን ክሮች አጠንክሮ ይወጥራቸዋል። ኢንተግሪን የሚባሉት ፕሮቲኖች ከፊት ያለውን ሥጋ ሲጨብጡ የኋላው ይለቀቅና ሕዋሱ አንድ ርምጃ ይሄዳል፤ መንገዱም ሲጠብበው ዙሪያውን የሚያሟሙ ኤንዛይሞችን አፍስሶ ያልፋል። በአንድ ሰዓት የሚጓዘው ከአንድ ሚሊሜትር እጅግ ያነሰ ቢሆንም፣ በአጠገቡ ወዳለው የደም ሥር ወይም የሊምፍ ቧንቧ ለመድረስ ይበቃዋል።

የጉዞው መጨረሻ ግን እንዲያው በዕጣ የሚወሰን አይደለም። እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሊቅ ስቲቨን ፓጄት እ.ኤ.አ. በ1889 በጡት ነቀርሳ የሞቱ የ735 ሴቶችን የአስከሬን ምርመራ መዝገብ ሲመረምር፣ ደዌው ጉበትን ደጋግሞ ሲያጠቃ ጣፊያን ግን እጅግ አልፎ አልፎ ብቻ እንደሚነካ አስተዋለና፣ ዘር በየአቅጣጫው ቢበተንም የሚበቅለው በተስማማው መሬት ላይ ብቻ ነው ሲል ጻፈ። የፎገራ ሰው የዚህን ቃል እውነትነት ለማረጋገጥ ሩቅ መሄድ አያሻውም፤ በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው የሚያጥለቀልቁት ጥቁር አፈር፣ ኤክስ-ጂግና የተባለውን የሩዝ ዘር ተቀብሎ የወረታ ከተማ በሩዝ ስሟ እንዲታወቅ አድርጓል፤ ያው ዘር በጉና ተራራ ውርጭ ላይ ቢዘራ ግን ፍሬ አይሰጥም። የፓጄት አሳብ በፕሮቲን ስም የተገለጠው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ምርምር የጡት ነቀርሳ ሕዋሳት ሲ-ኤክስ-ሲ-አር-4 የተባለውን ተቀባይ በገጻቸው ላይ አብዝተው እንደሚይዙ፣ ወደዚህ ተቀባይ መልእክት የሚልከውም ፕሮቲን በሳንባ፣ በጉበት፣ በአጥንት መቅንና በሊምፍ ዕጢዎች ተትረፍርፎ እንደሚገኝ አሳየ። ወደ ደም ከገቡት ሕዋሳት እጅግ ብዙዎቹ በመንገድ ይጠፋሉ፤ የተረፉት ጥቂቶች ግን የሚጠራቸው ወዳለበት ያመራሉ።

ይህ ዕውቀት ከመጽሐፍ ወጥቶ መድኃኒት ሆኗል። ከታማሚዋ ጡት ትንሽ ሥጋ ተወስዶ በላቦራቶሪ ሲመረመር የነቀርሳው ሕዋስ የትኛውን ተቀባይ እንደያዘ ይታወቃል፤ የኤስትሮጅን ተቀባይ ከተገኘ ታሞክሲፈን የተባለው እንክብል መልእክቱ እንዳይደርስ ይከለክላል፣ ኸር-ቱ የተባለው ተቀባይ በዝቶ ከተገኘ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ የተፈቀደው ትራስቱዙማብ ያንኑ ተቀባይ ያግዳል። በአገራችን የጡት ነቀርሳ በሴቶች ላይ ከሚደርሱት የነቀርሳ ዓይነቶች ቀዳሚው ሲሆን፣ ከታማሚዎቹም ከግማሽ የሚበልጡት የኤስትሮጅን ተቀባይ ያለው ዓይነት እንደሚይዛቸው በአዲስ አበባ የተደረገ ጥናት ስላመለከተ፣ ታሞክሲፈን የብዙዎች ተስፋ ነው።

ነገር ግን መድኃኒቱ የሚረዳው የተመረመረችውን ነው፤ ብዙዎቹ እኅቶቻችን ደግሞ ወደ ሐኪም የሚደርሱት ደዌው ከገፋ በኋላ ነው። ምክንያቱም ብዙ ነው፤ መንገዱ ይረዝማል፣ ወጪው ይከብዳል፣ የጨረር ሕክምናም ለብዙ ዓመታት የሚገኘው በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከሁሉ የሚከፋው ግን የነቀርሳ እብጠት ሲጀምር ብዙ ጊዜ የማያም መሆኑ ነው፤ ሕመም የሌለውን ነገር ማን ደዌ ይለዋል? የታማሚዋ ሥጋ ዝም ባለበት በዚያ ጊዜ ውስጥ ግን ማሰሪያው ይላላል፣ ራክ ይነቃል፣ ሕዋሱም መንገድ ይጀምራል።

ወረታ የባሕር ዳር፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ስለሆነች፣ ከፎገራ ሜዳ ቀበሌዎች የምትመጣ እናት በሦስቱም አቅጣጫ ሆስፒታል ታገኛለች። ጠበል መጠመቅ የምትሻም ትጠመቅ፤ ጸሎትና ሕክምና አይጣሉምና በዚያው ሰሞን ሐኪሙንም ታግኘው። በጡቷ ወይም በብብቷ ሥር ቀድሞ ያልነበረ ጓጎላ የዳሰሰች፣ ጡቷ የተሰረጎደባት፣ ከጡቷ ጫፍ ደም ያየች ሴት ሁሉ፣ ባያማትም እንኳ፣ መኸሩ እስኪገባ ወይም ዓመት በዓሉ እስኪያልፍ ሳትጠብቅ ትመርመር፤ ባልም፣ ወንድምም፣ ልጅም የመሳፈሪያውን አዘጋጅቶ አብሯት ይሂድ። ነቀርሳ ገና በአንድ ስፍራ ሳለ ከተገኘ በቀዶ ሕክምና ሊወገድ ይችላል፤ ከተሰራጨ በኋላ ግን ሐኪሙ የሚችለው ብዙውን ጊዜ ጉዞውን ማዘግየት ብቻ ነው።