ማዘጋጃ ቤት ገንዘቡን ከየት ያገኛል? በምንስ ላይ ያውለዋል?

በከተማ ውስጥ ሱቅ ከፍቶ፣ መጋዘን ተከራይቶ ወይም አነስተኛ ፋብሪካ አቋቁሞ የሚሠራ ሰው ሁሉ በየዓመቱ ለከተማው አስተዳደር በልዩ ልዩ ስም ገንዘብ እንደሚከፍል የታወቀ ነው። የንግድ ትርፍ ግብር አለ፤ የጣሪያና ግድግዳ ግብር አለ፤ የቦታ ኪራይ ወይም ሊዝ አለ፤ የቆሻሻ ማንሻ አለ፤ ለመንገድና ለቦይ ሥራ የሚጠየቅ መዋጮም አለ። ከፋዩ ደረሰኙን ተቀብሎ በፋይል ካኖረ በኋላ ግን ጉዳዩ የተፈጸመ ስለሚመስለው፣ ገንዘቡ ከዚያ ወዲያ ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቀው እምብዛም ነው።

ሆኖም ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ከነጋዴው ይልቅ የተገባ ሰው የለም። ገቢንና ወጪን ማመዛዘን የዕለት ሥራው ነው፤ የከተማው አገልግሎት ሲጓደልም አስቀድሞ የሚጎዳው ገበያው ነው። ቦይ ሲደፈን ጎርፉ የሚገባው ወደ መጋዘኑ ነው፤ መንገድ ሲበላሽ የጭነት ዋጋ የሚጨምረው በእርሱ ዕቃ ላይ ነው። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤት ገንዘቡን ከየት እንደሚያገኝና በምን ላይ እንደሚያውለው ለአባሎቻችን ባጭሩ ማስረዳት ጠቃሚ መስሎ ታይቶናል።

የሥርዐቱ አመጣጥ

በሀገራችን የከተሞች አስተዳደር በሕግ መልክ የተደነገገው በ1937 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 74 ነው። በዚህ አዋጅ አዲስ አበባና ጎንደር በከንቲባ የሚመሩ ማዘጋጃ ቤቶች ሆኑ፤ ነዋሪው ለከተማው ጽዳት፣ መንገድና ጸጥታ የሚያስፈልገውን ወጪ በግብርና በአገልግሎት ዋጋ እንዲሸፍን የሚያደርገው አሠራርም ሥር እየሰደደ ሄደ።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ባደረገ ጊዜ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆነ ቤቶች በቀበሌ ማኅበራት እጅ ገቡ። ኪራዩም ለድኻው ታስቦ ተቀንሶ ነበር፤ ነገር ግን ለብዙ ዓመታት ሳይነካ በመቆየቱ ለጣሪያ ቆርቆሮና ለግድግዳ ጭቃ እንኳ የማይበቃ ሆነ። ቤቶቹ እየዘመሙ፣ እየፈረሱ የሄዱበትን ምክንያት ለሚመረምር ሰው ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ማደሻው ያልታሰበለት አገልግሎት ርካሽ መስሎ ይጀምራል፣ ተበላሽቶ ግን ያልቃል።

ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት ወዲህ አዲስ አበባ ራሷን በራሷ የማስተዳደር ሥልጣን አላት። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የቻርተር አዋጅ ቁጥር 361ም ይህን ሥልጣን በዝርዝር አስፍሯል። በጀቱን የሚያጸድቀው የከተማው ምክር ቤት ሲሆን፣ በ2013 ዓ.ም. ለዚህ ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች ምርጫ ተደርጓል። በክልል ያሉ ከተሞች ደግሞ የሚተዳደሩት በየክልላቸው ምክር ቤት በሚወጣ ሕግ ነው።

ሁለቱ ኪሶች

የከተማን ሒሳብ ለመረዳት ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ይኸውም አንድ የክልል ከተማ ሁለት ኪስ እንዳለው ነው። በአንዱ ኪስ ትምህርት፣ ጤናና የመሳሰሉት የመንግሥት ሥራዎች ይገኛሉ፤ እነዚህ በአብዛኛው የሚካሄዱት ከክልሉ በሚመጣ ጥቅል ድጎማ ነው። በሁለተኛው ኪስ መንገድ፣ ቦይ፣ የመንገድ መብራት፣ ቄራ፣ የገበያ ቦታ፣ መቃብርና የቆሻሻ አወጋገድ አሉ፤ እነዚህም የሚሠሩት ከተማው ራሱ በሚሰበስበው የማዘጋጃ ቤት ገቢ ነው። ስለዚህ አስተማሪ ሲጎድል አቤቱታው ወደ ክልሉ በጀትም ይመለከታል፤ ቦይ ሲደፈን ግን ጥያቄው በቀጥታ ከከተማው ሣጥን ጋር የተያያዘ ነው።

የአዲስ አበባ ሁኔታ ከዚህ ይለያል። ከተማዋ እንደ ክልል ግብር የመሰብሰብ ሥልጣን ስላላት በጀቷን የምትሸፍነው በአብዛኛው ከራሷ ገቢ ነው። ከግለሰብ ነጋዴዎች የንግድ ትርፍ ግብር፣ ከሠራተኞች ደመወዝ ላይ የሚቀነስ ግብር፣ የቤትና የቦታ ገቢ ተጠቃለው ለትምህርት ቤቱም፣ ለጤና ጣቢያውም፣ ለመንገዱም ይውላሉ። በሌላ አነጋገር፣ የመርካቶ ነጋዴ ከአካባቢው ጤና ጣቢያ መድኃኒት ሲታጣ ከሩቅ የመጣ ድጎማ ጎደለ ሊል አይችልም፤ የራሱ ገንዘብ ጉዳይ ነውና።

የገቢው ምንጮች

የመጀመሪያው በ1968 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 80 የተደነገገው የከተማ ቦታ ኪራይና የቤት ግብር፣ ማለት ሕዝቡ የጣሪያና ግድግዳ የሚለው ነው። የሚሰላው በቤቱ ዓመታዊ የኪራይ ግምት ሲሆን፣ ግምቱ ለረጅም ዘመን ሳይሻሻል በመቆየቱ ከከተማው እድገት ጋር የማይመጣጠን ሆኖ ነበር። የአዲስ አበባ አስተዳደር በ2015 ዓ.ም. ግምቱን ሲያሻሽል ብዙ ባለቤቶች የደነገጡት፣ ለብዙ ዓመታት የተጠራቀመው ልዩነት በአንድ ጊዜ ስለ መጣባቸው ነው። ቀጥሎም በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በገበያ ዋጋ ላይ የሚመሠረት የንብረት ታክስ አዋጅ አጽድቋል።

ሁለተኛው የመሬት ሊዝ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 721 የከተማ ቦታ በዋናነት በጨረታ እንዲተላለፍ ይደነግጋል። ሊዝ ብዙ ገንዘብ ያስገኛል፤ ዳሩ ግን አንድ ቦታ የሚተላለፈው አንድ ጊዜ ነው። ማንኛውም ነጋዴ እንደሚያውቀው፣ የሱቁን መደርደሪያ ሸጦ የወር ደመወዝ የሚከፍል ሰው በሚቀጥለው ወር የሚከፍለው ያጣል። የሊዝ ገንዘብ ለመንገድ፣ ለውኃ መሥመርና ለመሳሰለው ቋሚ ሥራ ሲውል ከተማው ይከብራል፤ ለዕለት ወጪ ሲውል ግን ከተማው ራሱን በልቶ ያድራል።

ሦስተኛው የአገልግሎት ዋጋ ነው። የቄራ፣ የገበያ፣ የግንባታ ፈቃድና የመሳሰሉት ክፍያዎች በዚህ ውስጥ ይገባሉ። በአዲስ አበባ የደረቅ ቆሻሻ ክፍያ ከውኃ ሒሳብ ጋር ተያይዞ እንዲሰበሰብ መደረጉ የዚህ ምሳሌ ነው።

አራተኛው ብድርና ርዳታ ነው። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ባንክ ገንዘብ የተካሄደው የከተሞች ልማት ፕሮግራም ለከተሞች የሚሰጠውን ገንዘብ ከሥራ አፈጻጸማቸው ጋር አያይዞታል። ሒሳቡን በጊዜው ያልዘጋና ያላስመረመረ ከተማ ድርሻው ይቀንስበታል። በብዙ ከተሞች የምናየው በጥርብ ድንጋይ የተነጠፈ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ከፊሉ የዚህ ፕሮግራም ፍሬ ነው።

አምስተኛው የሕዝብ መዋጮ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው እንደሚባለው፣ የመንደር መንገድና ቦይ በመዋጮ ብዙ ጊዜ ተሠርቷል። ነገር ግን ሒሳቡ ከሌሎቹ ገቢዎች ሁሉ ይልቅ በቀላሉ የሚድበሰበሰው ይኸው መዋጮ ነው።

ወጪውና የጉድለቱ ዋጋ

በጀቱ በሁለት ይከፈላል፤ መደበኛና ካፒታል ይባላሉ። መደበኛው ለደመወዝ፣ ለነዳጅ፣ ለጽሕፈት መሣሪያና ለጥገና ሲሆን፣ ካፒታሉ ለአዳዲስ ሥራ ነው። የበጀቱ ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። የአዲስ አበባ ምክር ቤት ለ2016 ዓ.ም. ከ140 ቢሊዮን ብር በላይ፣ ለ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ230 ቢሊዮን ብር በላይ አጽድቋል። በእርግጥ የዕቃ ዋጋ በመናሩ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በተደረገው የውጭ ምንዛሪ ለውጥም የብር ዋጋ በመቀነሱ፣ የቁጥሩ እድገት ሁሉ የሥራ እድገት ነው ማለት አይቻልም። ሆኖም ከከፋዩ የሚፈለገው ገንዘብ እየጨመረ መሄዱን ያሳያል።

ገንዘብ በወቅቱና በቦታው ሳይውል ሲቀር ምን እንደሚከተል ሁለት ነገሮች ይመሰክራሉ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተለምዶ ቆሼ በሚባለው ስፍራ ለዐሥርተ ዓመታት የተከመረው የቆሻሻ ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ይህ ሁሉ ቆሻሻ ከየቤታችንና ከየሱቃችን የወጣ ነበር። ቆሻሻን ከደጅ ማንሳት የሥራው ግማሽ ብቻ እንደ ሆነ፣ የመጨረሻ ማረፊያውም በጀት እንደሚያሻው፣ ያ ቀን በከባድ ዋጋ አስተምሮናል።

ሁለተኛው ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሣው ቃጠሎ ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኞች በፍጥነት እንዳይገቡ የመንገዱ ጠባብነት እንቅፋት ሆኖባቸው፣ የብዙ ነጋዴዎች ንብረት ዐመድ ሆኗል። የእሳት አደጋ መኪና መግዛት የካፒታል በጀት ነው፤ መኪናው የሚገባበትን መንገድ ክፍት አድርጎ መጠበቅ ግን የዘወትር አስተዳደርና የእኛም የነጋዴዎች ሥነ ሥርዐት ነው። በመተላለፊያ ላይ ዕቃ የሚደረድር ሰው የከተማውን በጀት ከንቱ እያደረገው መሆኑን ሊያስብ ይገባዋል።

ነጋዴው ምን ሊያደርግ ይችላል?

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በአንድ የንግድ ቤት በጽሕፈት ሥራ ሲያገለግል ያየውን አንድ ነገር እዚህ መጥቀስ ይወዳል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ መንገድ ላይ ያሉ ባለሱቆች ቦይ ለማሠራት አዋጥተው ነበር። ክረምቱ ሲገባ ግን ቦዩ አልተሠራም፤ ጎርፉም ገብቶ በመጋዘኖቹ የነበረውን ስኳርና ዱቄት አበላሸ። ምን ያህል ሜትር ሊሠራ እንደ ታሰበ፣ ሲሚንቶው ከማን እንደ ተገዛ ለማስረዳት የቻለ ሰው አልተገኘም። በተከታዩ ዓመት መዋጮ ሲጠየቅ፣ ባለሱቆቹ አንከፍልም ከማለት ይልቅ ሦስት ነገር ብቻ ለመኑ፤ ማንኛውም ብር ሞዴል 64 በሚባለው የመንግሥት የገቢ ደረሰኝ እንዲገባ፣ የድንጋይና የሲሚንቶ ግዢው ዝርዝር በመንደሩ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ፣ የወረዳው መሐንዲስም የተሠራውን ለክቶ በፊርማው እንዲያረጋግጥ ነበር። ቦዩ ሰኔ ሳይገባ ተፈጸመ። የተለወጠው የገንዘቡ መጠን አልነበረም፤ አያያዙ እንጂ።

ይህ አሠራር በሕግና በልማድ የተደገፈ እንጂ አዲስ ፈጠራ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. በተጀመረው መሠረታዊ አገልግሎቶችን የመጠበቅ ፕሮግራም አማካይነት ወረዳዎች በጀታቸውን ሕዝብ ሊረዳው በሚችል ቀላል ቅጽ በአደባባይ እንዲለጥፉ ተደርጓል። የተለጠፈውን ወረቀት ቆሞ የሚያነብ ሰው ከሌለ ግን ወረቀቱ ለነፋስና ለዝናብ ብቻ ይቀራል።

ስለዚህ ለአባሎቻችን የምናሳስበው እንደሚከተለው ነው። አንደኛ፣ ያለ ሕጋዊ ደረሰኝ ማንኛውንም ክፍያ አትክፈሉ፤ ደረሰኞቻችሁንም በዓይነት ለይታችሁ ያዙ፤ በዓመቱ መጨረሻ ለከተማው በጠቅላላ ስንት እንደ ከፈላችሁ ማወቅ ትችላላችሁ። ሁለተኛ፣ ጥያቄያችሁን በጀቱ ከመጽደቁ በፊት አቅርቡ፤ ሐምሌ ላይ የሚቀርብ አቤቱታ የሚቀጥለውን ዓመት ይጠብቃልና። ሦስተኛ፣ የቤታችሁ ግምት ሲነገራችሁ በምን መለኪያ እንደ ተሠራ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ቅሬታም ካላችሁ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ አቅርቡ። አራተኛ፣ የዋናው ኦዲተር ሪፖርት ለምክር ቤቱ ሲቀርብ ተከታተሉ፤ የተገኘው ጉድለት መታረሙን በሚቀጥለው ዓመት መልሳችሁ ጠይቁ።

የንግድ ምክር ቤቱም በበኩሉ የአባሎቹን ጥያቄ አሰባስቦ በአንድ ድምፅ ማቅረብ ይገባዋል። አንድ ነጋዴ ብቻውን ስለ ግብሩ ቢናገር ከመክፈል ሊሸሽ ነው ይባል ይሆናል፤ መቶ ነጋዴዎች ግን የከፈሉትን ደረሰኝ በእጃቸው ይዘው ስለ ቦይ፣ ስለ መብራትና ስለ እሳት አደጋ መኪና መንገድ ቢጠይቁ፣ የጥያቄያቸውን ክብደት ማንም ሊያቃልለው አይችልም። ግብር መክፈል የዜጋ ግዴታ ነው፤ የተከፈለውን መከታተል ደግሞ ከዚያው ግዴታ ጋር አብሮ የሚመጣ መብት ነው። ይህን መብት የሚሠራበት ከተማ ገንዘቡም ይበረክታል፤ ገበያውም ይደምቃል።