ጥቂት መሆን ብቻውን አያስወድድም፦ የውስን ምርት ስፖርት መኪኖች የዳግም ሽያጭ ገበያ

ጃጓር ኤክስጄ220 የተሰኘውን መኪናውን 280 ገደማ ሠርቶ አቆመ። ፌራሪ ግን ኤፍ40ን ከ1,300 በላይ አምርቷል። ሁለቱ የአንድ ዘመን መኪኖች ናቸው፤ ሁለቱም በየተራቸው በፍጥነታቸው ዓለምን አነጋግረዋል። ዋጋን የሚወስነው ቁጥር ብቻ ቢሆን ኖሮ ጃጓሩ ፌራሪውን በብዙ እጥፍ በበለጠው ነበር። ገበያው የሚለው ግን ሌላ ነው። ዛሬ በደንብ የተያዘ ኤፍ40 ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣል፤ ኤክስጄ220 ብዙውን ጊዜ የሚሸጠው በዚያ ሩብ አካባቢ ነው።

በቁጥር ተወስነው የሚሠሩ የስፖርት መኪኖች አገልግለው ዳግም ሲሸጡ ዋጋቸው ከየት ይመጣል? ይህ ዳሰሳ ገበያውን ከአምራቹ በር እስከ ጨረታው አዳራሽ ይቃኛል (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በየምዕራፉ የሚታየው አንድ ነገር ነው፤ ጥቂት መሆን መኪናውን ወደ ገበያው ያስገባዋል እንጂ ዋጋውን አያጸናለትም። ዋጋውን የሚያጸኑት ሦስት ናቸው፦ ዳግም የማይሠራ ነገር መያዙ፣ አምራቹ በቃሉ መጽናቱ፣ የመኪናው ታሪክ በሰነድ መረጋገጡ።

ሆን ተብሎ የሚፈጠር እጥረት

ያገለገለ መኪና ከተገዛበት በላይ ሲሸጥ ማየት ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በእኛ ከተማ ዋጋውን የሚሰቅሉት የውጭ ምንዛሪ እጥረት፣ የኤክሳይዝ ታክስ፣ እንዲሁም በ2024 በነዳጅ በሚሠሩ የቤት መኪኖች ላይ የተጣለው የማስገባት እገዳ ናቸው። በፌራሪዋ ማራኔሎና በፖርሽዋ ሽቱትጋርት ግን እጥረቱ የሚፈጠረው በአምራቹ በራሱ ፈቃድ ነው። የፌራሪ መሥራች ኤንዞ ፌራሪ ገበያው ከሚፈልገው አንድ ቀንሶ መሥራት ይበጃል የሚል እምነት እንደነበራቸው ይነገራል። ኩባንያቸው በ1995 ኤፍ50ን ሲያወጣ 349 ብቻ እሠራለሁ ያለውም ይህንኑ ይዞ ነው፤ የገበያው ፍላጎት 350 ተብሎ ተገምቶ ነበርና።

እንዲህ ያለ መኪና ገንዘብ ስላለ ብቻ አይገዛም። አምራቹ የደንበኞቹን ስም ዝርዝር ይይዛል። ከዚያ በፊት ተራ የሚባሉ ሞዴሎችን ደጋግሞ የገዛና የገዛውን ቶሎ ያላወጣ ደንበኛ ቅድሚያ ያገኛል። ከዝርዝሩ ውጭ የቀረ ባለገንዘብ ያለው አማራጭ ከመጀመሪያው ባለቤት ላይ አስጨምሮ መግዛት ነው። በፋብሪካው ዋጋና በዚህ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ መኪና መንዳት የማያምራቸውን አትራፊዎች ይጠራል።

አምራቾች ይህን አይወዱትም፤ በድካማቸው የመጣው ትርፍ በሰው ኪስ ሲገባ ያያሉና። ስለዚህ በር ለመዝጋት ሞክረዋል። ፌራሪ በአሜሪካ ኤፍ50ን መጀመሪያ ያቀረበው ለሁለት ዓመት በሚቆይ የኪራይ ውል ነበር፤ የራስ ያልሆነን መኪና መሸጥ አይቻልምና። ፎርድ በበኩሉ የ2017ቱን ጂቲ ሲሸጥ ገዢው ለሁለት ዓመት እንዳይሸጠው በውል አሰረው። የትግል ስፖርት ኮከቡና ተዋናዩ ጆን ሲና መኪናውን በተረከበ በሳምንታት ውስጥ ስለሸጠው በ2017 መጨረሻ በፎርድ ተከሰሰ። ጉዳዩ በተከታዩ ዓመት በስምምነት ተዘጋ፤ የስምምነቱ ገንዘብም ለበጎ አድራጎት ዋለ።

ገበያው ሲያብጥና ሲፈነዳ

የዚህ ገበያ ታላቁ ትምህርት የተገኘው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። በነሐሴ 1988 ኤንዞ ፌራሪ አረፉ። ቀድሞም መውጣት የጀመረው የፌራሪ ዋጋ ከዚያ በኋላ ጣራ ነካ፤ በወቅቱ እንደ ልብ የነበረው የጃፓን ገንዘብም አብሮ ገባበት። ከ1962 እስከ 1964 ድረስ 36 ብቻ የተሠራው 250 ጂቲኦ በ1990 መባቻ 13 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። ከዚያ ገበያው ተናደ። በ1994 ከእነዚሁ መኪኖች አንዱ በ2.7 ሚሊዮን ተሸጠ። መኪናው ያው መኪና፣ ቁጥሩም ያው ቁጥር ነበር፤ የተለወጠው በገዢዎቹ እጅ ያለው ገንዘብ ነው። ትዕግሥት የነበራቸው ግን ተክሰዋል፤ በ2018 አንድ 250 ጂቲኦ ካሊፎርኒያ ውስጥ በሞንተሬይ በተካሄደ ጨረታ 48.4 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል።

ኤክስጄ220 የዚያው ማዕበል ሰለባ ነው። በ1988 በበርሚንግሃም የመኪና ትርኢት ላይ ሲታይ ባለ12 ሲሊንደር ሞተርና በአራቱም እግር የሚነዳ ተብሎ ነበር። ገዢዎች 50 ሺህ ፓውንድ ቀብድ ለመክፈል ተሽቀዳደሙ። በ1992 የመጣው መኪና ግን ባለ6 ሲሊንደር ቱርቦ፣ በኋላ እግሩ ብቻ የሚነዳ ሆኖ ተገኘ፤ ዋጋውም መጀመሪያ ከተነገረው እጅግ ከፍ ብሏል። በመካከሉ የኢኮኖሚ ድቀት ስለገባ ብዙዎች ከውሉ ለመውጣት ታገሉ፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። መኪናው በራሱ አስደናቂ ነበር፤ ክብረ ወሰንም ሰብሯል። ስሙ ላይ የወደቀው ጥላ ግን ከሠላሳ ዓመት በኋላም ዋጋውን እንደተጫነው ነው።

እዚህ ላይ ኤፍ40 ራሱ መጀመሪያ ለ400 ገደማ ብቻ የታሰበ ሆኖ በሦስት እጥፍ መሠራቱ መነሳት አለበት። ፌራሪም በቁጥሩ አልጸናም ማለት ነው፤ ሆኖም ገበያው ይቅር ብሎታል። ምክንያቱ መኪናው ራሱ ነው። ኤንዞ ፌራሪ በሕይወት ሳሉ የመረቁት የመጨረሻው ሞዴል ነው። የመሪ አጋዥ የለውም፤ ሬዲዮም ምንጣፍም የለውም፤ በሩ ከውስጥ የሚከፈተው በገመድ ነው። እንዲህ ዓይነት መኪና ዳግም ሊሠራ አይችልም፤ የደኅንነትና የጭስ ሕጎቹም፣ የገዢው ልማድም አይፈቅዱም። ከሦስቱ ምክንያቶች የመጀመሪያው ሚዛን የሚደፋው በዚህ ነው።

የአምራቹ ቃል ሲላላ

ፖርሽ በ2016 911 አር የተባለውን መኪና 991 ብቻ ሠራ። ቀላል ነው፤ የጂቲ3 አርኤስ ሞተር አለው፤ ካምቢዮው በእጅ የሚቀየር ነው። ያን ጊዜ ፖርሽ ጂቲ3ን በእጅ ማርሽ መሥራት ትቶ ስለነበር የናፈቀ ሁሉ ተረባረበ። በአሜሪካ በ185 ሺህ ዶላር ገደማ የቀረበው መኪና ወዲያው ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ይጠየቅበት ጀመር። ይሁን እንጂ በተከታዩ ዓመት ፖርሽ ጂቲ3ን እንደገና በእጅ ማርሽ አወጣ፤ ክንፍ የሌለው ጂቲ3 ቱሪንግም ተከተለ። ከ911 አር ጋር በመልክም በስሜትም የሚቀራረብ፣ ቁጥሩም ያልተገደበ መኪና በመደበኛ ዋጋ ሲመጣ የ911 አር ዋጋ ወዲያው ወረደ። በኋላ ቀስ ብሎ ቢያገግምም፣ በጫፉ ላይ የገዙት ትምህርቱን በገንዘባቸው ከፍለውበታል።

መኪናውን የሚለየውን ነገር አምራቹ ነገ ለሌላው ሁሉ ሊሰጠው የሚችል ከሆነ በዋጋው ላይ የታከለው ጭማሪ የውሰት ነው። በዚህ ገበያ የከረሙ ነጋዴዎች አዲስ ሞዴል ሲወጣ ከቁጥሩ አስቀድመው የሚጠይቁት ቀጣዩ ሞዴል ምን እንደሚሆን ነው።

ዘግይቶ የመጣ ክብር

ተቃራኒው ታሪክ የሌክሰስ ኤልኤፍኤ ነው። ከ2010 እስከ 2012 ድረስ 500 ተሠርተዋል። ዋጋው 375 ሺህ ዶላር ነበር፤ ለዚህ ገንዘብ ፌራሪ መግዛት የሚችል ሰው የቶዮታ ልጅ ለመግዛት አመነታ። ምርቱ ካቆመ ከዓመታት በኋላ እንኳ አዲስ ሆነው በአሜሪካ ሻጮች ዘንድ የቆሙ ነበሩ። ዛሬ ግን ሚሊዮን ዶላር የደረሱና ያለፉ አሉ። የተለወጠው የሌሎቹ ዓለም ነው፤ ቱርቦና ኤሌክትሪክ ሁሉን ሲወርስ፣ ያለ ቱርቦ እስከ 9,000 ዙር የሚጮኸው ባለ10 ሲሊንደር ሞተሩ አምሳያ አጣ።

የፖርሽ ካሬራ ጂቲም ተመሳሳይ መንገድ ሄዷል። በ440 ሺህ ዶላር የተሸጡት 1,270 መኪኖች ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ ከመነሻ ዋጋቸው በታች ወርደው ነበር፤ ዛሬ ከሚሊዮን በላይ ናቸው። የእጅ ማርሽ ዋጋም ከዚሁ ምንጭ ይቀዳል። ፌራሪ 599 በሺዎች ሲሠራ በእጅ ማርሽ የወጡት 30 ገደማ ብቻ ናቸው፤ እነዚህ ከወንድሞቻቸው በብዙ እጥፍ ይሸጣሉ።

ሰነድና ጤና

ለተራ መኪና ሊብሬውና ቦሎው ይበቃል። እዚህ ግን የወረቀቱ ክምር ራሱ ንብረት ነው፤ የመጀመሪያው የሽያጭ ደረሰኝ፣ የጋራዥ መዝገብ፣ የቀድሞ ባለቤቶች ተራ፣ ከመኪናው ጋር የመጣው የመፍቻ ሣጥንና ሻንጣ ሳይቀር ዋጋ አላቸው። ከሁሉ በላይ የሚፈለገው የሞተር፣ የካምቢዮና የቻሲስ ቁጥር ከፋብሪካው መዝገብ ጋር መግጠሙ ነው። ፌራሪ ይህን መርምሮ የምስክር ወረቀት የሚሰጥ ክላሲኬ የተባለ ክፍል አለው።

ጥንቃቄው ያለ ምክንያት አይደለም። የ250 ጂቲኦ ቅጂ የሚሠሩ ስላሉ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በ2019 የቦሎኛ ፍርድ ቤት መኪናው ሊቀዳ የማይገባው የጥበብ ሥራ ነው ብሏል። ልምድ ያለው ገዢ የቀለሙን ውፍረት በመሣሪያ ይለካል፤ የካርቦን አካሉ እንዳልተሰነጠቀ ያስመረምራል። በኋለኞቹ ፖርሽዎች ደግሞ ሞተሩ ከመጠን በላይ የዞረባቸውን ጊዜያት ከኮምፒውተሩ ያስነብባል።

ግጭት ግን ሁልጊዜ ሞት አይደለም። እንግሊዛዊው ተዋናይ ሮዋን አትኪንሰን ማክላረን ኤፍ1 መኪናውን ሁለት ጊዜ አጋጭቷል፤ የሁለተኛው ጥገና ብቻ ለመድን ድርጅቱ 910 ሺህ ፓውንድ ገደማ አስወጥቷል። መኪናውን በአምራቹ ባለሙያዎች እጅ አስጠግኖ፣ ከ40 ሺህ ማይል በላይ ነድቶ፣ በ2015 በ8 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ሸጠው። ከመቶ ጥቂት በሚበልጥ ቁጥር በተሠራ መኪና ላይ የታወቀና በሰነድ የተያዘ ጉዳት ከተደበቀ ትንሽ ጉዳት ይሻላል። ሳይነዳ የቆየም የራሱ ዋጋ አለው፤ 242 ማይል ብቻ የሄደ ኤፍ1 በ2021 በፔብል ቢች ጨረታ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አውጥቷል።

የት ይሸጣል? ዋጋውስ እንዴት ይነበባል?

ታላላቆቹ መኪኖች በአርኤም ሶዝቢስ፣ በጉዲንግና በቦናምስ ጨረታዎች ይወጣሉ፤ ትልቁ ሳምንት ነሐሴ ውስጥ በሞንተሬይ ነው። መሐለኛው ገበያ ወደ ኢንተርኔት ጨረታ ዞሯል፤ በ2007 የተጀመረው ብሪንግ ኤ ትሬለር በዚህ ይመራል። እጅግ ውድ የሆኑት ግን ብዙ ጊዜ በደላላ በኩል በዝግ ይሸጣሉ። እስካሁን የተመዘገበው ከፍተኛ የጨረታ ዋጋ የ1955ቱ መርሴዲስ 300 ኤስኤልአር ኡሌንሃውት ኩፔ ነው። ሁለት ብቻ ከተሠሩት አንዱን ኩባንያው ራሱ በ2022 በሽቱትጋርት ሙዚየሙ ለተጋበዙ ሰዎች አቅርቦ በ135 ሚሊዮን ዩሮ ሸጧል፤ ገንዘቡን ለነፃ ትምህርት ዕድል አውሎታል።

ዋጋ የሚያነብ ሰው ሦስት ቁጥሮችን መለየት አለበት። በማስታወቂያ የሚጠየቀው የሻጩ ምኞት ነው። መዶሻው ያረፈበት ዋጋ ሌላ ነው። ገዢው የሚከፍለው ደግሞ በዚያ ላይ የጨረታ ቤቱ ድርሻ ሲታከል ነው፤ በታላላቆቹ ቤቶች 10 በመቶና ከዚያ በላይ ይሆናል። ሳይሸጥ የተመለሰ መኪናም ብዙ ይናገራል።

ድንበርም ዋጋ ይሠራል። አሜሪካ ለገበያዋ ያልተሠራን መኪና በአብዛኛው የምታስገባው 25 ዓመት ሲሞላው ነው፤ የ1999 ሞዴል የኒሳን ስካይላይን አር34 በ2024 ሲፈቀድ ቀኑ ቀድሞ በዋጋው ውስጥ ገብቶ ነበር። ግብርም እንዲሁ ነው፤ በብሪታንያ ግለሰብ መኪናውን አትርፎ ቢሸጥ የካፒታል ዋጋ ዕድገት ግብር አይከፍልም፤ በአሜሪካ ግን እስከ 28 በመቶ ሊደርስበት ይችላል።

ከትርፉ የሚቀነሰው

በጋዜጣ የሚወጣው በስንት ተገዝቶ በስንት መሸጡ ነው። በመካከሉ የወጣው መድን፣ መጋዘንና ጥገና አይጻፍም። የኤፍ40 የጎማ ነዳጅ ከረጢቶች ሳይነዳም ስለሚያረጁ መቀየር አለባቸው፤ ማክላረን ኤፍ1 ለትልቁ ምርመራ ሞተሩ ይወርዳል፤ የካሬራ ጂቲ የሴራሚክ ፍሪሲዮን የተሳሳተ እግር አይምርም። የቆመ መኪና ጎማው ይደርቃል፤ የሚነዳው ደግሞ ኪሎ ሜትሩ ይጨምራል። ብዙ ባለቤቶች በወረቀት ያተረፉትን በጋራዥ መልሰዋል።

የወደፊቱ ፈተና ከኤሌክትሪክ መኪኖች ወገን እየታየ ነው። የክሮኤሺያው ሪማክ ኔቬራን በ150 ብቻ ወስኖ አወጣው፤ ፍጥነቱም አስደናቂ ነው። ሆኖም የኩባንያው መሥራች ማቴ ሪማክ ራሱ በ2024 የናጠጡ ገዢዎች በኤሌክትሪኩ ላይ ቀዝቀዝ ማለታቸውን ተናግሯል። ባትሪና ሶፍትዌር ከዓመት ዓመት ይሻሻላሉ፤ የዛሬው ፈጣን ነገ በተራ መኪና ይደረስበታል። ስለዚህ በዚህ ገበያ ለሚገባ ሰው «ስንት ተሠራ?» የመጨረሻው ጥያቄ ቢሆን ይሻላል። የሚቀድመው ከሃያ ዓመት በኋላ ይህን መኪና የሚተካ ሌላ ይኖራል ወይ የሚለው ነው፤ መልሱ «አዎ» ከሆነ፣ በፋብሪካው ዋጋ ላይ የሚታከለው ጭማሪ የሚያዋጣው ለሻጩ ብቻ ነው።